«ብሎን ፈቶ ብሎን ማሰር ነው» የሚላችሁን ሰው ስልኩን ዝጉበት

ኧረ ጎበዝ፣ እስከ መቼ ነው? በየሳምንቱ ያው ጥያቄ! የ1969 ሸቭሮሌት ካማሮ፣ ሞተሩ ባለ ካርቡራተር 350 (350 ኪዩቢክ ኢንች ቪ8)፣ ከጀርባው ደህና የሚሠራ ቱርቦ 350 የሚባል ባለ ሦስት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ። ባለቤቱ 4ኤል60ኢ የሚባለውን ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ ከአሮጌ ዕቃ ግቢ ገዝቶ፣ የድሮውን አውርዶ፣ ሸጦ ጨርሶ፣ ከዚያ በኋላ ነው «ይሄ ሶኬት የት ነው የሚሰካው?» የሚለው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ፍላጎቱ ላይ ጠብ የለንም። የዲፈረንሲያሉ የማርሽ ጥምርታ 3.73፣ የጎማው ቁመት 26 ኢንች ከሆነ፣ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ላይ ቱርቦ 350 ሞተሩን 3300 ዙር አካባቢ ያስጮኸዋል። የ4ኤል60ኢ አራተኛ ማርሽ ጥምርታ 0.70 ስለሆነ እዚያው ፍጥነት ላይ ወደ 2300 ይወርዳል። አንደኛ ማርሹም ከ2.52 ወደ 3.06 ስለሚያድግ ከመብራት ሲነሳ ሌላ መኪና ይሆናል። ይሄን የማይመኝ የለም። የሚያናድደው «ያው ሸቭሮሌት በሸቭሮሌት ነው፣ ዝም ብሎ ይገባል» የሚለው ሻጭ ነው።

የቱ ዓመት ነው የሚገባው? ከ1993 እስከ 1995 የተሠሩት ቤል ሀውዚንጋቸው (ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር የሚታሰርበት ደወል መሰል የፊት ክፍል) ከካምቢዮው አካል ጋር አንድ ወጥ ነው፤ ከሸቭሮሌት ቪ8 ጀርባ የወረዱት ለድሮው 350 ሞተር ይስማማሉ። ከ1996 ጀምሮ ተፈትቶ የሚወጣው መጣ። ከኤልኤስ (ከአዲሱ የጂኤም ቪ8) ሞተር ጀርባ የወረደውማ ቤል ሀውዚንጉ ጠለቅ ያለ ነው፣ ባለ 300 ሚሊ ሜትር ኮንቨርተሩም (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረው) ከቀድሞው 298 ጋር አይቀያየርም። በ1995 ደግሞ ኮንቨርተሩን የሚቆልፈው ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ቫልቭ) አሠራሩ ተለወጠ፤ ካምቢዮውን የሚያዘው ኮምፒውተር ዓመቱ ካልተነገረው በስህተት ያዘዋል። ሻጩን ከዋጋው በፊት ዓመቱንና ከየትኛው ሞተር እንደወረደ ጠይቁት። ካላወቀ ሂዱ።

የብረት ሥራው ቀላሉ ነው፣ ግን ነጻ አይደለም። የካምቢዮው መቀመጫ ወደ ኋላ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚሸሽ ካምቢዮውን ከታች የሚሸከመው ተሻጋሪ ብረት ወደ ኋላ ይዛወራል። ባለ አጭር ጭራው ቱርቦ 350 ከነበረ ፕሮፔለር ሻፍቱ 7.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ተቆርጦ ማጠር አለበት። ይሄን ቁጥር ይዛችሁ ግን ቶርኖ ቤት አትሩጡ፤ ካምቢዮው ታስሮ፣ መኪናው በጎማው ቆሞ ለኩ። ዮኩ (ፕሮፔለር ሻፍቱ ካምቢዮው ውስጥ የሚገባበት ጫፍ) 27 ጥርስ ስለሆነ የድሮው ይገባል። ይቺን ብቻ ነው ሻጩ እውነት የተናገረው።

ኮንቨርተሩ ላይ ግን ረጋ በሉ። እየተሽከረከረ ወደ ውስጥ ሲገፋ ሦስት ጊዜ «ቋ» ማለት አለበት። ቤል ሀውዚንጉ ከሞተሩ ጋር በእጅ ገጥሞ፣ ኮንቨርተሩ በነጻነት እየዞረ፣ ከፍሌክስፕሌቱ (ከሞተሩ ጀርባ ኮንቨርተሩ ከሚታሰርበት ሳህን) ጋር ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ካልቀረ የካምቢዮው ዘይት ፓምፕ ውስጥ አልገባም ማለት ነው። በብሎን ጎትቶ ለማስገባት የሚሞክር ሰው ሞተሩ ሳይነሳ ፓምፑን ይሰብራል። ከዚያ «የተበላሸ ሸጡልኝ» ይላል!

አሁን ወደ ዋናው ብሶት። ቱርቦ 350 የሞተሩን ጭነት በቫኪዩም ቱቦ ያውቅ ነበር። 4ኤል60ኢ ቱቦ የለውም፣ ካርቡራተሩ ደግሞ አይናገርም። ስለዚህ የራሱ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተርና ካርቡራተሩ ላይ የሚታሰር የስሮትል ሴንሰር ግድ ነው። ሴንሰሩ 5 ቮልት ተቀብሎ፣ እግር ሲነሳ 0.5 አካባቢ፣ ሙሉ ሲረገጥ ከ4 በላይ መመለስ አለበት፤ በመሃል ሳይዘል፣ ሳይንቀጠቀጥ። ሰዉ ምን ያደርጋል? ከቆርቆሮ በታጠፈ ማሰሪያ ያንጠለጥለዋል። ማሰሪያው ሲላላ ኮምፒውተሩ ሹፌሩ ግማሽ የረገጠ ይመስለዋል፣ የዘይት ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ያዛል፣ ሞተሩ ግን ሙሉ ጉልበቱን እየላከ ነው። ፍሪሲዮኖቹ ይንሸራተታሉ፤ ቀድመው የሚቃጠሉት የሦስተኛና አራተኛ ማርሽ ናቸው። ሁለት ሺህ ዙር ላይ ወዲያ ወዲህ የሚያመነታ ማርሽ ካያችሁ ካምቢዮውን ሳይሆን ይቺን ማሰሪያ እዩ። መልቲ ሜትር አስገብቶ ፔዳሉን ቀስ ብሎ መርገጥ አምስት ደቂቃ ነው፣ አምስት ደቂቃ!

ሽቦውም ያው ነው። ኮምፒውተሩ የሚያገኘው 12 ቮልት ሞተር ሲቀሰቀስም የማይቋረጥ መሆን አለበት፤ ሬዲዮው የሚበራበት ሽቦ አይሆንም። ኔጋቲቩ በቀጥታ ከባትሪው፤ ቀለም የተቀባ ሻንሲ ላይ የታሰረ ብሎን ኔጋቲቭ አይባልም። ሽቦውን ከካንዴላ ገመዶች አርቁት።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪው? የ1969ኙ በገመድ ይዞራል፣ አዲሱ ካምቢዮ ደግሞ የፍጥነት ሴንሰር እንጂ የገመድ ቀዳዳ የለውም። ወይ ምልክቱን ወደ ገመድ የሚቀይር ሞተር፣ ወይ በጂፒኤስ የሚሠራ ቆጣሪ። በጀት ውስጥ የሚያስገባው ሰው የለም።

ማርሽ መቀየሪያው ደግሞ አደጋ ነው። የድሮው ወደ ፊት ሦስት ቦታ አለው፣ አዲሱ አራት። ያለ መቀየሪያ ኪት ካያያዛችሁት ዘንጉ በሁለት ማርሾች መካከል ይቆማል፣ ግፊት ይባክናል፤ ፓርክም ሙሉ በሙሉ ላይቆልፍ ይችላል። ዳገት ላይ ቆሞ የሄደ መኪና ማንን ይከሳል?

ዘይቱ፣ ኮንቨርተሩ ባዶ ከሆነ፣ 11 ኳርት (አንዱ ከሊትር ትንሽ ያንሳል) ገደማ ይጠጣል። መጀመሪያ 5 ጨምሩ፣ ሞተሩን አስነሱ፣ በፓርክ ላይ እየሠራ ቀሪውን። ተጨማሪ ማቀዝቀዣም አትንፈጉት።

ሽቦ አልወድም የሚል ሰው 700አር4 (በኮምፒውተር የማይታዘዘውን የ4ኤል60ኢ ታላቅ ወንድም) ይግዛ። ግን የስሮትል ኬብሉ በትክክል ካልተስተካከለ እሱም በተመሳሳይ መንገድ ይቃጠላል፣ እዚያም ማምለጫ የለም። ጉልበት የበዛበት ሞተር ያለው ደግሞ ወደ 4ኤል80ኢ፣ ወደ ጠንካራው ካምቢዮ ይሂድ፤ ይከብዳል፣ ወለሉን ከታች መቀጥቀጥ ይጠይቃል፣ ዮኩም 32 ጥርስ ነው፤ ቢሆንም ይችላል።

እና «ካምቢዮው ሞተ፣ በሦስተኛ ብቻ ነው የሚነሳው፣ ድራይቭ ሲገባ ቋ ይላል፣ ሪቨርስ ግን ይሠራል» ብላችሁ ሌሊት ከመጻፋችሁ በፊት፦ 4ኤል60ኢ ኤሌክትሪክ ሲያጣ በሦስተኛ ማርሽና በከፍተኛው ግፊት ነው የሚቀረው። እንዲህ ሆኖ ነው የተሠራው። ፊውዙን አይታችኋል?