ሮቦቷ ቅንጦት አይደለችም

ሮቦት ለመዋዕለ ሕፃናት ቅንጦት ነው የሚል ጽሑፍ አንብቤ ሐሳቡ አልተዋጠልኝም። ንብ የምትመስለዋን የልጆች መጫወቻ ሮቦት፣ ቢቦትን እዩ። ስክሪን የላትም። ጀርባዋ ላይ ያሉትን ቀስቶች ተጭነው ሲልኳት በአንድ ትእዛዝ 15 ሴንቲ ሜትር ትሄዳለች።

እኛ ክፍል የቡና ሥዕሎችን ወለሉ ላይ እንበትናለን፤ ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ማፍላት። ልጆቹ ንቧን በሥራው ቅደም ተከተል ከሥዕል ወደ ሥዕል ያደርሷታል። የቀድሞውን ትእዛዝ ሳያጠፉ ከላኳት ግን መጀመሪያ የድሮውን መንገድ ትደግማለች። ያኔ ክርክሩ ይጦፋል። «ሳይቆላ ወቀጥሽው እኮ!» ይባባላሉ። ከዚያ ስህተቱን ራሳቸው ወደ ኋላ ተመልሰው ይፈልጉታል። እኔ በጣም የምወደው ይሄንን ነው።

የሕፃናትን የቴክኖሎጂ ትምህርት የምታጠናው ማሪና በርስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናትም፣ ለአንድ ሳምንት ለሮቦት ትእዛዝ መስጠት የተማሩ ሕፃናት የሥዕል ታሪክ በቅደም ተከተል በመደርደር ተሻሽለዋል።

ዋጋው እውነትም ይከብዳል። መግዛት ያልቻለ ወለሉን በጠመኔ ያስምርና አንዱን ልጅ ሮቦት፣ ሌላውን አዛዥ ያድርግ።