«ይቺማ አምስት ደቂቃ አትፈጅብህም» ለምትሉኝ

ሆድ ይፍጀው ብዬ ብዙ ጊዜ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ካልተናገርኩ ይወጣልኛል ብዬ አላስብም።

የማይንክራፍት ስኪን እሠራለሁ። ጌሙን ለማታውቁት፣ ስኪን ማለት የምንጫወትበት ገጸ ባሕርይ የሚለብሰው መልክ ነው። ፊቱ፣ ፀጉሩ፣ ጃኬቱ፣ ጫማው፣ ሁሉም በአንዲት የምስል ፋይል ላይ ይሣላል። ፋይሏ 64 በ64 ፒክስል ናት፤ ፒክስል ማለት ምስሉ የተሠራባት አንዲት የቀለም ነጥብ ናት። የኔ መከራ የሚጀምረው ከዚች ቁጥር ነው። ሰው «64 በ64» ሲባል ይሰማና ወዲያው ይንቃታል። «ይቺማ ምን አላት? አምስት ደቂቃ አትፈጅብህም። እስቲ አንድ ጣል አድርግልኝ!»

ጣል አድርግልኝ። ይህችን ቃል ስሰማ አንጀቴ ያራል።

እስቲ አብረን እንቁጠር። የገጸ ባሕርዩ ጭንቅላት ኪዩብ ነው። ስድስት ገጽ አለው፤ እያንዳንዱ ገጽ 8 በ8 ነው። ይሄ ብቻ 384 ፒክስል ይሆናል። ደረቱና ጀርባው ከነጎኑ፣ ከነላዩና ከነታቹ 352 ነው። ሁለቱ እጆችና ሁለቱ እግሮች እያንዳንዳቸው 224 አላቸው። ድምሩ 1,632 ይመጣል። በዚያ ላይ ሁለተኛ ሌየር፣ ማለትም ከላይ የሚደረብ ንብርብር አለ። ፀጉሩ ከራሱ ላይ ከፍ ብሎ እንዲታይ፣ ጃኬቱ ከገላው እንዲነሳ የሚያደርገው እሱ ነው። እሱም የራሱ 1,632 አለው። ጥሩ ስኪን ከፈለግክ እነዚህን ነጥቦች አንድ በአንድ እያየህ ነው የምትቀባቸው።

ድሮ ይሻል ነበር። እስከ 2014 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ፋይሉ 64 በ32 ነበር። ግራ እጅና ግራ እግር የቀኙ ግልባጭ ስለነበሩ ለብቻቸው አይሣሉም። ሁለተኛው ሌየርም ለጭንቅላት ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት 1.8 የተባለው ቨርዥን ሲወጣ ግራና ቀኙ ተለያየ፣ ሁለተኛው ሌየርም ለመላ አካሉ ሆነ። ለኛ ለሠሪዎቹ ትልቅ ነፃነት ነው። በአንድ ክንዱ ላይ ብቻ ፋሻ ያሰረ ሰው መሥራት ተቻለ። ሥራውም በዚያው ልክ በዛ።

ከሁሉም የሚያደክመኝ ፊት ነው። ፊት 64 ፒክስል ነው፤ በቃ። ዐይን፣ ቅንድብ፣ አፍ፣ ጢም፣ የፀጉሩ መስመር፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ መግባት አለባቸው። ዐይን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ፒክስል ነው፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ብሌን። ብሌኑን ወደ አፍንጫው ካስጠጋኸው አንድ ሰው ነው፣ ወደ ውጭ ካደረግከው ሌላ ሰው ነው። ዐይኑን በአንድ ረድፍ ዝቅ ስታደርገው ልጅ ይመስላል። ከፍ ስታደርገው ፊቱ ይረዝማል፣ ዕድሜው ይጨምራል። ከዐይኑ በላይ አንዲት ጠቆር ያለች ነጥብ ጣል ካደረግክ ተቆጣ። እኔ አንዲትን ነጥብ ግራና ቀኝ ሳመላልስ ያደርኩባቸው ሌሊቶች አሉ። ትልቅ ሸራ ላይ የሚሥል ሰው ቢሳሳት የሚሸፍንበት ቦታ ያገኛል። እዚህ መደበቂያ የለም። አንዷ ነጥብ ከተበላሸች ከፊቱ 64 እጅ አንዱ እጅ ተበላሸ ማለት ነው።

ቀለሙም እንደዚያው። ጀማሪ ሳለሁ ጥላ ለመሥራት ያንኑ ቀለም በጥቁር አጠቁረው ነበር። የሚወጣው ያደፈ ልብስ ነው። ቀይ ጨርቅ ጨርቅ የሚመስለው ጥላው ወደ ወይን ጠጅ ሲያደላ፣ ብርሃን ያረፈበት ደግሞ ወደ ብርቱካናማ ሲሄድ ነው። ይህን ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ ሰው የለም። ስንቱን ልብስ አበላሽቼ ነው የገባኝ።

ከዚያ ደግሞ ስፌቱ አለ። ፋይሉ ላይ ገላው ተዘርግቶ ነው የሚታይህ፤ የካርቶን ሳጥን ፈተህ መሬት ላይ ስትዘረጋው እንደማለት ነው። ቀበቶው ፋይሉ ላይ ቀጥ ያለ ይመስልሃል። ሰውዬው ላይ ሲጠቀለል ግን ጎኑ ላይ በአንድ ፒክስል ይወርዳል። ጎኑን ታስተካክላለህ፤ በጀርባ በኩል ይሰበራል። የክንዱም ነገር አለ። ጌሙ ስቲቭና አሌክስ የሚባሉ ሁለት ዓይነት ገላ አለው። የስቲቭ ክንድ 4 ፒክስል ስፋት አለው፣ የአሌክስ 3። ሰው የትኛውን እንደሚጠቀም ሳይነግረኝ ያሠራኛል። ከዚያ ለቀጭኑ የተሠራውን በሰፊው ላይ ይጭንና ክንዱ ላይ ጥቁር መስመር ሲያይ «አበላሸኸው» ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ብሶቴ ልምጣ።

ጌም ላይ የተዋወቅኩት አንድ ልጅ ለቡድኑ የሚሆን ጥሩር የለበሰ ተዋጊ እንድሠራለት ለመነኝ። አራት ሌሊት ፈጀብኝ። ጥሩሩ ላይ ዝገት ሁሉ ነበረው፤ ከትከሻው እስከ ክርኑ በአምስት ዓይነት ቡናማ የወረደ ዝገት። ቀለሙን ሳይነካ በሚያስቀምጠው የምስል ፋይል ዓይነት፣ በፒኤንጂ ላክሁለት። «ስታስተላልፈው እንደ ፋይል ላከው፣ እንደ ፎቶ እንዳትልከው» ብዬ ደጋግሜ ነገርኩት።

እንደ ፎቶ ላከው።

የመልእክት መተግበሪያዎች ፎቶ ሲልኩ ይጨምቁታል፤ ብዙ ጊዜም ጄፔግ ወደሚባለው ሌላ የምስል ፋይል ዓይነት ይለውጡታል። ጄፔግ ባዶ ቦታ የሚባል ነገር አያውቅም። ምንም ቀለም የሌለበትን ሁሉ ይሞላዋል። ጎን ለጎን ያሉ ቀለሞችንም እርስ በርስ ያደባልቃቸዋል። የሰው ፎቶ ላይ ይህ አይታወቅም። እያንዳንዷ ነጥብ ለብቻዋ በምትቆጠርበት ስኪን ላይ ግን ሞት ነው። ጓደኞቹ ያን መልሰው ወደ ፒኤንጂ ቀይረው ሲጭኑት ዝገቱ ጭቃ ሆነ፣ ጭንቅላቱም ነጭ ሳጥን ውስጥ ተቀበረ። ማን ተወቀሰ? እኔ። በቡድኑ ሁሉ ፊት «ሥራው ጥራት የለውም» ተባልኩ።

እሱንም ዋጥኩት። ትክክለኛውን ፋይል እንደገና ላክሁላቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ያንኑ ተዋጊ፣ ስኪን በሚለጠፍበት አንድ ድረ ገጽ ላይ አገኘሁት። የዐይኑ ብሌን ከቡናማ ወደ ሰማያዊ ተቀይሯል። ሁለት ፒክስል ማለት ነው። የቀረው አንድም ሳይነካ የኔ ነው። በግራ ጫማው ሶል ላይ ሁልጊዜ የማስቀምጣት አንዲት አረንጓዴ ነጥብ እንኳ እዚያው አለች። ከሥሩ የማላውቀው ሰው ስም ተጽፏል፤ «የራሴ ሥራ» ይላል። ዐይን ያወጣ ሌብነት! ጻፍኩለት። «በነፃ የሚገኝ ነገር ነው፤ ለዚች ትንሽ ስዕል ምን ያስጨንቅሃል?» አለኝ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሥራዬን መደበቅ አልችልም። በኮምፒውተሩ የጃቫ ቨርዥን የተጫዋቹን ስም ካወቅክ የለበሰውን ስኪን ማውረድ ትችላለህ። መልበሱም አይከፋኝም። እንዲያውም የማላውቀው ሰው የሠራሁትን ለብሶ ሰርቨር ላይ ሲሮጥ ሳይ ልቤ ይሞላል። ለራሱ ቀለም ቢቀይርበትም እሰየው። እኔም የጀመርኩት የሰው ሥራ ከፍቼ እየነካካሁ ነው፤ ጥላው እንዴት እንደተሠራ፣ እጥፋቱ የት እንደገባ እያየሁ ነው የተማርኩት። ግን የሠራውን ሰው ስም አጥፍቼ የኔን ጽፌ አላውቅም። አንድ መስመር ናት። «ይህን የሠራው እገሌ ነው» ብሎ መጻፍ ነው እኮ አምስት ደቂቃ የማይፈጀው!

ከትናንት ወዲያ ተዋጊውን ያሠራኝ ያው ልጅ መልሶ ጻፈልኝ። ቡድናቸው ውስጥ አዲስ ሰው ገብቷል። «ያንኑ ተዋጊ ነው፤ ከላይ ካፖርት ብቻ ደርብበት። ለአንተ አምስት ደቂቃ ነው» ይላል። ካፖርት ማለት ሁለተኛው ሌየር ላይ ደረት፣ ጀርባ፣ ሁለት እጅጌ፣ እስከ ጉልበት የሚወርድ ጫፍ፣ እነሱን የሚያገናኝ ስፌት ሁሉ ነው። ስለ ስሜ ጉዳይ አንድም ቃል የለም።

«አልሠራም» ብዬ መለስኩለት። ስኪን መሥራት ከጀመርኩ ለሰው እንዲህ ስል የመጀመሪያዬ ነው። አንብቦታል። እስካሁን አልመለሰልኝም።