መኪናው ቆሞ ሳለ

የጭነት መኪና አደጋ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው መገልበጥና መጋጨት ነው። ከጋቢና ሲወርድ እግሩ የተሰበረ ሾፌር ወይም ሸራ ሲያለብስ ከጭነቱ አናት የወደቀ ረዳት ግን፣ መኪናው ቆሞ ነበርና፣ በትራፊክ አደጋ ዜና ላይ አይሰማም፤ «እግሩ ከድቶት ነው» ይባልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ይህ አባባል ተጠያቂውን ይሸፍናል ባይ ነኝ።

ከጅቡቲ ተነስቶ በጋላፊና በሚሌ አድርጎ ሞጆ የሚደርስ ሾፌር፣ ለብዙ ሰዓት ተቀምጦ የደነዘዘ እግሩን ይዞ ከመሬት ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ካለ ጋቢና ይወርዳል፤ መርገጫው ናፍታ ወይም ጭቃ ከነካው፣ በእግሩ ያለውም ነጠላ ጫማ ከሆነ መንሸራተቱ አይገርምም። ፊትን ወደ መኪናው አዙሮ፣ ከሁለት እጅና ከሁለት እግር ሦስቱን ሳይለቁ መውረድ በጥቂት ደቂቃ የሚለመድ ነገር ነው፤ የሚጨበጥ ብረት በሌለበት መኪና ላይ ግን ምክሩ ከንቱ ነው። ረዳቱ ደግሞ ጎማ ረግጦ፣ በስፖንዳው ተንጠላጥሎ ይወጣና ሸራውን እየጎተተ ወደ ኋላ ሲራመድ ጠርዙን አያይም። በእህል በረንዳም ቢሆን ኩንታል ተሸክሞ በሳንቃ የሚወርደው አውራጅ የሚይዝበት እጅ የለውም፤ ክፍያው በኩንታል ሲሆን ደግሞ ቀስ ማለት ከገቢው ያጎድልበታል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ከተጎዳ አሠሪው ሊከራከር ይችላል፤ ምንም መመሪያ ያልሰጠ አሠሪ ግን ምን ተጣሰብኝ ይላል? የቃል ውልም ውል ነው፤ ሕጉ የተለየ ፎርም አይጠይቅም።

ችግሩ ረዳቱ ሲወድቅ አሠሪው መጥፋቱ ነው። ባለመኪናው የቀጠረው ሾፌሩ ነው ይላል፤ ሾፌሩ እኔም ተቀጣሪ ነኝ ይላል። በእኔ እምነት ኃላፊነቱ የባለመኪናው ሊሆን ይገባል፤ ረዳቱ የሚያለብሰው ሸራ የእሱን ጭነት ይጠብቃል፣ መርገጫና መያዣ እንዲበየድ የማዘዝ ሥልጣንም የእሱ ነው። በዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ፍሬንና መብራት የሚያየው ባለሙያም ወደ ጋቢናው ሲወጣ የረገጠው ብረት ከተነቃነቀበት፣ ሳይበየድ ቦሎ ባይሰጥ መልካም ነው።