ከየትኛው ዓመት ነው የምትቆጥረው?

ባለፈው እሁድ ቡና ላይ ሁለት ጓደኞቼ ተጣሉ። የጠቡ ምክንያት ጋዛ ነው። አንዱ "ኦክቶበር 7 ማን ማንን ነካ?" አለ፤ የፍልስጤም ታጣቂ ድርጅት ሐማስ በ2023 እስራኤልን ያጠቃበትን ቀን ማለቱ ነው። ሌላው "ከ1948 ጀምሮስ?" ብሎ ጮኸበት። ቶናው ሳይቀርብ ተኮራርፈው ሄዱ።

ሁለቱም አልዋሹም። መቁጠር የጀመሩት ግን ከተለያየ ቦታ ነው።

ለእስራኤላዊ 1948 (ሁሉንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የነጻነት ዓመት ነው። በአውሮፓ ስድስት ሚሊዮን አይሁዶች ካለቁ በኋላ የተገኘ መጠጊያ፤ በማግስቱም የአረብ አገሮች ጦር የዘመተበት። ለፍልስጤማዊ ያው ዓመት ናክባ ነው፤ መዓት ማለት ነው። 700 ሺህ ያህል ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ። ብዙው በጥቂት ቀን እመለሳለሁ ብሎ ቁልፉን ይዞ ነው የወጣው። የድሮ፣ ረጅም የብረት ቁልፍ። ቤቱ ፈርሷል ወይ ሌላ ሰው ይኖርበታል። ቁልፉ ግን ዛሬም በስደተኞች ካምፕ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከአያት ለልጅ ልጅ ይተላለፋል።

እስራኤል ውስጥ ደግሞ በወደቁት ሰዎች መታሰቢያ ቀን ሳይረን ይጮኻል። አውራ ጎዳና ላይ መኪናው ሁሉ ቀጥ ይላል። ሹፌሩ በሩን ከፍቶ ይወርድና አንገቱን ደፍቶ ይቆማል፤ ሁለት ደቂቃ። የዚያኑ ዕለት ማታ የነጻነት በዓል ይገባል። ለቅሶውም ደስታውም በአንድ ጀምበር።

እኛ ዘንድ ጉዳዩ የሃይማኖት ድጋፍ ሆኗል። ክርስቲያን ከሆንክ እስራኤል፣ ሙስሊም ከሆንክ ፍልስጤም። እዚያ ያለው ኑሮ ግን እንዲህ አልተከፈለም። ሐማስ ኦክቶበር 7 ከገደላቸውና አግቶ ከወሰዳቸው መካከል ሙስሊም ቤዱዊኖች (ከዘላን ዐረቦች የሚወለዱ) ነበሩ። በዚያው ወር ጋዛ ውስጥ የቅዱስ ፖርፊሪዮስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ በእስራኤል የአየር ድብደባ ሲመታ የሞቱት እዚያ የተጠለሉ ክርስቲያኖች ናቸው።

ድሮ መንግሥታችን እንኳ እንዲህ አልቸኮለም። በ1947 የተባበሩት መንግሥታት ምድሪቱን ለሁለት ለመክፈል ድምፅ ሲሰጥ 33 አገሮች ደገፉ፣ 13 ተቃወሙ፣ 10 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ከአሥሩ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

እኔ አቋም የለኝም አልልም። ኦክቶበር 7 ቀን 2023 ሐማስ በመራው ጥቃት 1,200 ያህል ሰው ተገድሏል፣ 251 ሰው ታግቷል። የ1948 በደል ይህን አያጸድቀውም። ከዚያ ወዲህ ጋዛ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል፤ ስንቱ ሕፃን ነው! ኦክቶበር 7ም ይህን አያጸድቀውም። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች አንድ ላይ ስናገር ከሁለቱም ወገን እሰደባለሁ። ቢሆንም እናገራለሁ።

ደግሞ አበራ መንግሥቱ አለ። ቤተ እስራኤል ነው፣ የአሽቀሎን ልጅ፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት። በሴፕቴምበር 2014 አጥሩን ተሻግሮ ጋዛ ገባና ሐማስ እጅ ወደቀ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2025 ተለቀቀ። በዚያው ቀን ሂሻም አል-ሰይድም ወጣ። እሱ ሙስሊም ቤዱዊን ነው፤ እሱም ሕመምተኛ፣ እሱም በእግሩ ተሻግሮ የገባ።

ያን እሁድ ጓደኞቼ ይህን ያህል ሲጯጯሁ የአበራን ስም ያነሳ የለም። እኔም አላነሳሁም። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።