እባክዎ ማብሪያውን አይንኩ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ቤት ተጋብዤ ሄጄ ወደ መታጠቢያ ክፍል ስገባ፣ ጨለማ ያገኘው ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው እጄን ወደ ግድግዳው ሰደድኩ። ጣቴ ያገኘው ግን ፕላስተር ነበር። በስልኬ ብርሃን ባየው ማብሪያው ከላይ እስከ ታች ታሽጓል፤ በፕላስተሩ ላይ «አይነካም!» ተብሎ በትልልቅ ፊደላት ተጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ወዳጄ ምን እንደገጠመኝ ገብቶት ነው መሰለኝ ከሳሎን እየሮጠ መጣና «ተው ተው፣ እንዳትነካው! እሱን ካጠፋኸው አምፖሉ ከኔትወርክ ይወጣል። ቆይ፣ እኔ በስልክ አበራልሃለሁ» አለኝ። ስልኩን አወጣ፤ መተግበሪያውን ከፈተ፤ መተግበሪያውም በበኩሉ የይለፍ ቃል ጠየቀው። እኔ በሩ ላይ፣ እሱ ኮሪደሩ ላይ ቆመን፣ ሁለት ጎልማሶች የአንድን አምፖል መልካም ፈቃድ በጨለማ ስንጠባበቅ ቆየን።

ይህ ማብሪያ ላይ ወረቀት የመለጠፍ ልማድ ስማርት አምፖል፣ ማለትም በስልክ የሚታዘዝ አምፖል፣ የገባበትን ቤት ተከትሎ የሚገባ ነው። ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው። አምፖሉ በሆዱ ትንሽ ሬዲዮ ስለተሸከመ፣ ቢበራም ባይበራም ኤሌክትሪክ ሊቋረጥበት አይገባም፤ አንድ ምስኪን እንግዳ እንደለመደው የግድግዳውን ማብሪያ ካጠፋ ግን ሬዲዮውም አብሮ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ስልኩ ቢጠራው አይሰማም። እናም ቤቱን እንዲያበራ የተሠራው ዕቃ የቤቱ ጠላት ተብሎ ይታሸጋል። አንዳንዱ በፕላስተር ይጠረንፈዋል፣ አንዳንዱ የፕላስቲክ ክዳን ገዝቶ ይገጥምበታል፣ አንዳንዱ ደግሞ እንግዳው ገና ሳይቀመጥ ስለ መብራቶቹ አያያዝ ገለጻ ያደርግለታል። ከዚህ ሁሉ ሥርዓት ውስጥ አንድም ቀን ከሥራው ያልተስተጓጎለው ግን ወረቀቱ ብቻ መሆኑን ልብ ያለ ሰው አላየሁም።

የታሸገው ዕቃ እንዲህ ዓይነት ውርደት አይገባውም ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ሄንሪ ሆምስ እ.ኤ.አ. በ1884 በኒውካስል የሠራው ማብሪያ አንድ ትልቅ ችግር የፈታ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ማብሪያዎች ሲጠፉ በሁለቱ የብረት መገናኛዎች መካከል የኤሌክትሪክ ብልጭታ እየዘለለ ብረቱን ይበላው፣ አንዳንዴም እሳት ያስነሣ ነበር። ሆምስ ያደረገው መገናኛዎቹ በቅጽበት እንዲለያዩ የሚያስገድድ ዘዴ መፍጠር ነው፤ የሰውየው ጣት ቢፈጥንም ቢዘገይም፣ ዕቃው መለያየቱን በራሱ ፍጥነት ይፈጽመዋል። ይኸው መሠረታዊ ሐሳብ ከ140 ዓመት በኋላም በየግድግዳው ላይ «ቀጭ» ይላል። እኔ ተወልጄ ካደግሁበት ቤት ማብሪያ ጋር አንድም ቀን ተጨቃጭቄ አላውቅም፤ የት ፋብሪካ እንደተሠራ፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ኩባንያው ይኑር ይክሰር ጠይቄም አላውቅም። ማብሪያ የሚመሰገነው እንዲህ ሲረሳ ነው።

አሁን የመጣው ስማርት ማብሪያ ግን እንድንረሳው አይፈቅድም። አንድ ሰው ስልኩን ነክቶ የራስጌውን መብራት ሊያበራ ሲል ትእዛዙ ብዙ ጊዜ ከስልኩ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ኢንተርኔት አቅራቢው፣ ከዚያም ምናልባት በሌላ አህጉር ወደሚገኝ የአምራቹ ሰርቨር፣ ትእዛዙን ወደሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ይሄዳል፤ እዚያ ማንነቱ ተጠይቆና ተመርምሮ በመጣበት መንገድ ተመልሶ ከጭንቅላቱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ያለውን አምፖል ያበራል። ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ሲላላ ሰውየው በገዛ ክፍሉ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 20 ቀን 2025 በሰሜን ቨርጂኒያ የሚገኙት የአማዞን የኮምፒውተር ማዕከላት በተስተጓጎሉ ጊዜ በዓለም ዙሪያ ስንት አገልግሎት አብሮ እንደተንገዳገደ ይታወሳል፤ ሙቀታቸው በኢንተርኔት የሚታዘዝ አልጋዎች እንኳ ባለቤቶቻቸውን አልሰማ ብለው ሲታሙ ነበር። ለመተኛት የቨርጂኒያን ፈቃድ የሚጠብቅ ትውልድ መሆናችንን ያወቅነው ያን ዕለት ነው።

ከምሳሌያዊ አነጋገሮች ሁሉ አብልጬ የምወደው «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» የሚለውን ነው። ቤተሰቦቼ እስኪሰለቻቸው ድረስ ለተበላሸ አሳንሰርም፣ ለቀጠሮ ለቀረ ወዳጅም፣ ለማይጽፍ እስክሪብቶም ስጠቅሰው ኖሬአለሁ፤ ትክክለኛ ቦታውን ያገኘው ግን አሁን ይመስለኛል። እንዲያውም የተረቱ ሰውዬ ከእኛ የተሻለ ዕድለኛ ነው፤ ቢወድቅም ፈረሱ የራሱ ነበር። ስማርት ማብሪያ የሚገዛ ሰው የከፈለው ለኮርቻው ነው፤ ፈረሱ በሌላ ሰው ጋጣ ታስሯል፤ ባለ ጋጣው ደግሞ አንድ ማለዳ ተነሥቶ «ከዛሬ ጀምሮ ፈረስ የለም» ለማለት የሚከለክለው ነገር የለም።

ይህንንም ብለውታል። ሬቮልቭ የተባለው የቤት መቆጣጠሪያ ከ«ዕድሜ ልክ» አገልግሎት ጋር የተሸጠ ዕቃ ነበር። ኩባንያውን የጎግሉ ኔስት እ.ኤ.አ. በ2014 ገዛው፤ ግንቦት 15 ቀን 2016 ላይ አገልግሎቱ ተዘጋና መሣሪያው በየሰዉ ቤት ባለበት በድን ሆነ። ሽቦ አልተቃጠለም፣ ውኃ አልገባበትም፣ ከመደርደሪያም አልወደቀም። ኢንስቲዮን የተባለው የስማርት ማብሪያዎች ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ለደንበኞቹ አንዲት የማስጠንቀቂያ ቃል ሳይተነፍስ ሰርቨሮቹን አጠፋ፤ ሰዎች የኩባንያውን መሞት የተረዱት መተግበሪያቸው አልሠራ ሲላቸው ነበር። ከወራት በኋላ ከተጠቃሚዎቹ መካከል ጥቂቶቹ ተሰባስበው ኩባንያውን ራሱን ገዝተው ነፍስ ዘሩበት። ማብሪያን እንዲሠራ ለማድረግ ፋብሪካውን መግዛት! ቤልኪን የተባለው ኩባንያ በበኩሉ ዌሞ ብሎ የሚጠራቸውን የአብዛኞቹን ስማርት ማብሪያና ሶኬቶቹን የኢንተርኔት አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከጥር 31 ቀን 2026 ጀምሮ እንደሚያቆም ያስታወቀው በሐምሌ 2025 ነው፤ ቢያንስ ወራት ቀደም ብሎ ተናግሯልና ከኢንስቲዮን ጋር ሲተያይ ጨዋ ነው ልንል ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ የዕቃው መበላሸት አይደለም፤ ዕቃ ይበላሻል። ደህናውን ዕቃ ከሩቅ ሆኖ መግደልና ሬሳውን ለገዢው መተው ግን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ድፍረት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ቂሜን ላውጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለ አራት ሶኬት ስማርት ኤክስቴንሽን ገዝቼ ነበር። ሰማያዊ መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ ክፍሉን ሲያደምቅ ያድራል፤ ከዋይፋይ ጋር መገናኘት ግን አልሆነለትም። ደንበኞች አገልግሎት ዘንድ ደወልኩ። «ራውተሩን አጥፍተው አብርተዋል?» አለችኝ። አዎን። «ኤክስቴንሽኑንስ ነቅለው ሰክተዋል?» አዎን። «እንግዲያውስ እንደገና ራውተሩን ያጥፉና ያብሩት።» ይህ ምክር ስንቱን ዕቃ አሳፋሪ ሥራውን ሸፍኖለታል! ዕቃው ማወቅ የነበረበትን ነገር ገዢው ደጋግሞ በመንቀልና በመሰካት እንዲያስተምረው ይጠበቃል። በመጨረሻ ነገሩ ሲጣራ፣ ኤክስቴንሽኑ የሚያውቀው የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድን ብቻ ነው፤ የኔ ራውተር ደግሞ 2.4ንና 5 ጊጋኸርዝን በአንድ ስም ጠቅልሎ ያሠራጫል፤ ስልኬ ከ5ቱ ጋር ስለተገናኘ መተግበሪያው ሁለቱን ማስተዋወቅ አቅቶታል። በሳጥኑ ላይ ስለዚህ የተጻፈ ነገር አልነበረም። በ2.4 መሥራቱ በራሱ ነውር የለውም፤ ሞገዱ ግድግዳ አልፎ ርቆ ይሄዳል፣ ቺፑም ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ብሉቱዙም፣ ማይክሮዌቭ ምድጃውም፣ የጎረቤት ራውተር ሁሉም የሚጋፋበት ሰፈር በመሆኑ ዛሬ የሰማ ዕቃ ነገ ላይሰማ ይችላል።

ኤክስቴንሽኑን ካነሣሁ ዘንድ ሆዱ ውስጥ ያለውን ሳልናገር አላልፍም። በየሶኬቱ ሥር «ቀጭ» የሚለው ነገር ሪሌይ ይባላል፤ በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚሳብ ትንሽ ማብሪያ ነው። በላዩ 10 ወይም 16 አምፔር የሚል ቁጥር ይጻፍበታል። ይህ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚሠራው እንደ ውኃ ማፍያ ኤሌክትሪኩን ወደ ሙቀት ብቻ ለሚለውጥ ዕቃ ነው፤ የኤልኢዲ መብራቶችና የቻርጀሮች ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው አካላቸው) ግን ገና ሲበሩ ለቅጽበት ከመደበኛው እጅግ የበዛ ኤሌክትሪክ ይስባሉ። በየማብራቱ መገናኛዎቹ ትንሽ ትንሽ ይለበለባሉ፤ አንድ ቀን ተጣብቀው ይቀራሉ። ያን ጊዜ ነው መተግበሪያው «ጠፍቷል» እያለ መብራቱ ጣሪያው ላይ ቦግ ብሎ የሚያስቀው። ወዳጄ እንዲህ ያለ ጊዜ የሚያምነው ስልኩን ነው፤ ዓይኑ ሥር የበራውን አምፖል ትቶ «ጠፍቷል እኮ ይላል» ብሎ ሊከራከረኝ ይሞክራል።

ከዚህ የሚከፋው የማይታየው ነው። ከድንገተኛ የቮልቴጅ ጭማሪ ይከላከላል ተብሎ የሚሸጥ ኤክስቴንሽን ውስጥ ያለው መከላከያ አካል እያንዳንዱን ምት በሰውነቱ እየተቀበለ ያረጃል፤ ሲያልቅም ብዙ ጊዜ ድምፅ አያሰማም፤ ሶኬቶቹ እንደወትሮው ኤሌክትሪክ ይሰጣሉ፣ ጥበቃው ግን የለም። ደህና የተሠሩት መከላከያው ሲሞት የሚጠፋ ጠቋሚ መብራት አላቸው፤ ርካሾቹ ያላቸው መብራት ሰማያዊው ብቻ ነው። ደግሞም አራቱ ሶኬቶች በመተግበሪያው ላይ አራት የተለያዩ ቁልፎች ሆነው ስለሚታዩ፣ ለያንዳንዳቸው የተለየ አቅም የተሰጣቸው ይመስላል፤ ግድግዳው ውስጥ የሚሰካው ገመድ ግን አንድ ነው። 10 አምፔር በ220 ቮልት 2200 ዋት ነው፤ አንድ ማሞቂያና አንድ ውኃ ማፍያ ጎን ለጎን ከተሰኩበት ሒሳቡ አልቋል። መብራት ሄዶ ሲመለስም አንዱ ዕቃ በርቶ ይነሣል፣ ሌላው ጠፍቶ ይቀራል፣ ሦስተኛው የቀድሞ ሁኔታውን አስታውሶ ይቀጥላል፤ ይህን የወሰነው አምራቹ ነው። ሰው በሌለበት ቤት ማሞቂያ በራሱ እንዲነሣ አምራቹን ማን ሾመው?

የነገሩ ወዳጆች ይህን ስናገር «አንተ ድሮም ቴክኖሎጂ ትጠላለህ» ይሉኛል። አልጠላም። ከአልጋው መነሣት ለማይችል ሰው በድምፁ የሚበራ መብራት ትልቅ ነገር ነው፤ ለእሱ ማንም አይሳለቅም። ዚግቢና ዜድ ዌቭ በሚባሉት ቋንቋዎች የሚነጋገሩ መሣሪያዎችም እዚያው ቤት ውስጥ ባለ መቆጣጠሪያ ሲታዘዙ ኢንተርኔት ቢጠፋም ሥራቸውን ይሠራሉ፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 የወጣው ማተር የተባለው የጋራ ስምምነትም የተለያዩ ኩባንያዎች ዕቃዎች በቤቱ ኔትወርክ ላይ በቀጥታ እንዲግባቡ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። እንግሊዝ ከሚያዝያ 29 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ አምራቾች ለሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት ቀላል የይለፍ ቃል እንዳይሰጡ፣ የደኅንነት ማሻሻያም ቢያንስ እስከ መቼ እንደሚልኩ ለገዢው እንዲናገሩ አስገድዳለች። ሰርቨሩ እስከ መቼ በሕይወት እንደሚቆይ ንገሩ የሚል ሕግ ቢጨመርበት ደግሞ እንዴት ደስ ባለኝ!

የወዳጄ ፕላስተር ሊረሳ ነው፤ መፍትሔው እኮ ቀላል ነበር። አምፖሉን ተራ አምፖል አድርጎ፣ ስማርቱን ዕቃ ከግድግዳው ማብሪያ ጀርባ መግጠም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ስልኩም ያዝዛል፣ የእንግዳ ጣትም ያዝዛል። አንድ ችግር አለው፤ አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ኒውትራል ሽቦ (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን) ይፈልጋሉ፣ በብዙ አሮጌ ቤቶች ደግሞ ማብሪያው ዘንድ የሚደርሰው ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ፌዝ ብቻ ነው። ያለ ኒውትራል የሚሠሩት ለራሳቸው የሚያስፈልጋቸውን ጥቂት ኤሌክትሪክ በአምፖሉ በኩል ስለሚያሳልፉ ኤልኢዲው ጠፍቶም ሳለ ሊብለጨለጭ ይችላል። ይህን ሁሉ ለወዳጄ ዘርዝሬ ነገርኩት። በጥሞና አዳመጠኝና ሲመች የሚላጥ፣ ቀለም የማያነሣ ፕላስተር ማግኘቱን በደስታ አበሠረኝ።

ስለዚህ ከእሱ ጋር ትቼዋለሁ፤ አሁን የምከራከረው ከሻጮች ጋር ነው። ሱቅ ስገባ የምጠይቀው «ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ኩባንያውም ሲዘጋ፣ ይህ ዕቃ በጣት ይበራል ወይ?» የሚለውን ብቻ ነው። እስካሁን የጠየቅኋቸው ሁሉ በፈገግታ የመለሱልኝ አምፖሉ 16 ሚሊዮን ቀለም እንዳለው ነው።