አንድ ጉድጓድ አይበቃም

ከነዳጅ ማደያ ነዳጅ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ መፍሰስ አለመፍሰሱ እንዴት እንደሚታወቅ የሚያወራ ጽሑፍ አነበብኩ። ጽሑፉ «ማደያው ግቢ ውስጥ አንድ ጉድጓድ ተቆፍሮ ናሙና ቢወሰድ ነዳጅ መፍሰሱ ይታወቃል» ይላል። እዚህ ላይ አልስማማም። አንድ ጉድጓድ የሚነግረን የቆመበትን ቦታ ብቻ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ቢያንስ 3 ያስፈልጋል፤ በሦስት ማዕዘን ተቆፍረው የውሃው ከፍታ ይነጻጸራል። ባሕር ዳር ደግሞ አስቸጋሪ ናት። ከሥራችን ያለው የተሰነጣጠቀ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ነዳጁ ስንጥቁን ተከትሎ ያልታሰበ ግቢ ሊወጣ ይችላል። «ሁሉም ወደ ጣና ነው የሚሄደው» ብሎ መገመት አያዋጣም፤ ዓባይም አለ።

ወቅቱም ይታሰብ። ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ክረምት ውሃው ሲነሳ አብሮ ይነሳል፤ በጋ ሲወርድ አፈሩን እየቀባ ይወርዳል። ሚያዝያ ላይ ደህና የተባለ ጉድጓድ መስከረም ላይ ሊሸት ይችላል።

በኛም ቤት ደርሷል። ከማደያ ብዙም የማይርቀው የእናቴ ጉድጓድ አንድ ክረምት ጋዝ ጋዝ ማለት ጀመረ። እማዬ ውሃ አጋር የሚባለውን የክሎሪን ማከሚያ ጨመረችበት። አልሆን ሲላት አፈላችው! ክሎሪን ጀርም ይገድላል እንጂ ነዳጅ አያወጣም፤ ማፍላቱም ትነቱን ማድቤት ውስጥ መልቀቅ ነው። አፍንጫም ብዙ አይታመንም። ነዳጅ ውስጥ ቤንዝን የሚባል ካንሰር አምጪ ኬሚካል አለ (ከቤንዚን ጋር አታምታቱት)። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ይህን ያህሉን ማንም አሽትቶ አያውቀውም።

ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፉ ከማደያው አጥር ውጭ ያሉትን የግል ጉድጓዶች ማን እንደሚመረምር ይጠይቅልን።