ትንሽ ደመቅ ይበል

ዌብሳይት የሚያሠሩ የድርጅት ባለቤቶቻችንን እስካሁን አንድም ሰው አለመሸለሙ ያሳዝነኛል። ሌላው ዓለም አንድ ዓይነት ንድፍ ለመምረጥ ወር ሙሉ ይጨነቃል። የእኛዎቹ ምን በወጣቸው! ሁሉንም ይመርጣሉ።

በቀደም ለአንድ የቤት ዕቃ መደብር ንድፍ ይዤ ሄድኩ። የታዘዝኩት «እንደ አፕል ቀለል ያለ ይሁን» ተብዬ ነው። ነጭ መደብ፣ አንድ ሶፋ፣ አንድ መስመር ጽሑፍ፣ ዋጋ። የመደብሩ ባለቤት ጋሼ ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩት። ነጩን ቦታ በጣታቸው መታ መታ አደረጉና «ይሄ ለምን ባዶ ሆነ? ከፍለንበት የለ እንዴ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ቤት በካሬ በሚሸጥበት ከተማ ቦታ ጦም ማሳደር ግፍ ነው።

«ትንሽ ደመቅ ይበል።»

ደመቀ። ላሊበላ ገባ፣ የአክሱም ሐውልት ገባ፣ ጀበና ገባ። የምንሸጠው ሶፋ ነው ብዬ ነበር፤ ለካ ሶፋ ላይ ቡና ይጠጣል። እጅ ለእጅ የተጨባበጡ ሁለት ፈረንጆችም መጡ። መደብሩ ውስጥ የሚያውቃቸው የለም፤ የከተማውን ግማሽ ድርጅት ግን እነሱ ናቸው የሚያስተዳድሩት። ከላይ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ ይሮጣል። ይህን ሯጭ የዌብሳይት መጻፊያው ቋንቋ ኤችቲኤምኤል 5 ጡረታ ካወጣው ቆይቷል። እኛ ግን አዛውንት አንጥልም።

ቀለሙን የመረጠችው የጋሼ የመጨረሻ ልጅ ናት። ስምንተኛ ክፍል ናት። ስብሰባው በሙሉ ድምፅ አጸደቀላት።

«ስለ እኛ» የሚለው ገጽ ላይ ጽሑፍ እስኪሰጡኝ ያስቀመጥኩት ሎረም ኢፕሰም ዛሬም አለ። ከ2,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ካለው ከሮማዊው ሲሴሮ ጽሑፍ የተቆራረጠ ላቲን ነው። ሲሴሮን የሚጠቅስ ሶፋ ሻጭ የት አይታችኋል?

ዋጋው ከገጹ ወጣ። «እሱ በኢንቦክስ ነው» ተባልኩ። ዌብሳይቱ ኢንቦክስ የለውም። ቢሆንም የጨዋ ሰው ዋጋ አደባባይ አይወጣም።

«ያግኙን» የሚለውን ስትጫኑ ካርታ ይከፈታል። የመደብሩን አድራሻ የሚልክልኝ ስለጠፋ ኬክሮሱም ኬንትሮሱም ዜሮ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ሶፋ ቤታችን የሚታየው ከጋና በስተደቡብ፣ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ መሐል ነው። አገር የባሕር በር ሲፈልግ እሱ ቀድሞ ገብቷል። ይህንኑ ነገርኳቸው። ጋሼ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ባሕሩን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ተወው» አሉ፤ «ሰማያዊው ደስ ይላል።»